የዱሬቲ ሦስተኛ ውድድር

ቱፋ ረጋሳ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ባዶ ጄሪካን በብስክሌቱ ኋላ አስሮ ከጋራዡ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ይወርዳል። ከድልድዩ በላይ፣ ልብስ አጣቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ውሃው ከድንጋይ ላይ በሚወርድበት ቦታ ይቀዳል። የሚሞላውም በጄሪካኑ አፍ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ነው። ሲመለስ ብስክሌቱ ላይ አይወጣም፤ መሪውን ይዞ እየገፋ ዳገቱን ይወጣል። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ውሃው ለመጠጥ አይደለም። በዚያ ቀን ለጥገና የሚገቡት መኪኖች ራዲያተር የሚሞላው በዚህ ነው።

ግቢው ውስጥ ቧንቧ ከገባ አሥር ዓመት ሆኖታል። ሠራተኞቹ፣ ጋሽ ቱፋ ለመኪና ጠበል ይቀዳል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። በ1981 ዓ.ም. አርባ ዓመቱ ነበር። የኅብረት ሥራ ጋራዡ ዋና መካኒክ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። አምቦ ውስጥ ስሙ በመልካም ይነሳል። ወደ ጋራዡ አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርቱ አንድ ነው፤ አሮጌ ራዲያተር በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጡን የደፈነውን ነጭ ቅርፊት ያሳያቸዋል። እያንዳንዱ የአምቦ ቤት ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚፍቀው ያው ቅርፊት ነው። የአምቦ ማዕድናማ ምንጭ ውሃ ሲፈላ ኖራ ጥሎ እንደሚሄድ፣ የራዲያተር ቧንቧ ደግሞ ከስንደዶ እንደማይወፍር ይነግራቸዋል። ይህን ከየት እንደተማረው ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

የተማረው በጋራዡ ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ ሸራ ለብሳ ከቆመችው መኪና ነው። ስሟ ዱሬቲ ይባላል።

ዱሬቲን ያሠሯት ኦቦ ዓብዲሳ ናቸው። ከአብዮቱ በፊት የወፍጮ ቤቱና የጋራዡ ባለቤት ነበሩ፤ ከከተማው ሰው ሁሉ በፊት መኪና ነድተዋል እየተባለ ይወራላቸዋል። በ1965 ክረምት ሁለቱን መካኒኮቻቸውን ጠርተው ተገዝታ የምትታደስ መኪና እንደማይፈልጉ፣ ከሻንሲዋ፣ ከታች ከሚሸከማት የብረት አጽም፣ ጀምሮ ለውድድር ብቻ የምትሠራ መኪና እንደሚሹ ነገሯቸው። አንደኛው መካኒክ ነጋሳ ነበር። ረጅም፣ ንግግሩ አጭር የሆነ፣ የሞተር ሕመም በጆሮው የሚለይ የጎጆ ሰው ነው። ሁለተኛው ቱፋ ነበር፤ ከነጋሳ በአምስት ዓመት ያንሳል፣ ሥራውንም የለመደው ከእሱ ነው።

ስምንት ወር ፈጀባቸው። ሞተሩ ከተገለበጠ ፔጆ የወጣ ነው። ሻንሲውን በቧንቧ ብረት በየዱት፤ ንዝረት የሚያበርደውን ባሌስትራ ከጭነት መኪና ቆርጠው አሳጠሩት። የኋላ መቀመጫ የላትም፤ በምትኩ ሁለት ትርፍ ጎማና የቤንዚን ታንክ ተገጠመ። የፊቷ ላሜራ በድንጋይ እንዳይጎዳ ድርብ ሆነ። ኦቦ ዓብዲሳ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስም በነጭ ቀለም በሩ ላይ አስጻፉ። ሥራው ሲከፋፈል ሻንሲ፣ ባሌስትራና ፍሬን ለቱፋ፣ ሞተርና ውሃ ለነጋሳ ሆነ። ነጋሳም በዚያው ሳምንት የጋራዡን ሕግ ግድግዳው ላይ ጻፈ። በርሜሉ የጣሪያ ዝናብ ካለው ከበርሜሉ፣ ከሌለው ከሁሉቃ፣ ከምንጩ ግን በጭራሽ የሚል ነበር። ምንጩ ከጋራዡ አጥር ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ ወንዙ ግን ወርዶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይጠይቃል።

ዱሬቲ ሦስት ጊዜ ተወዳድራለች። በጥር 1966 ከአምቦ ጌዶ ደርሶ መልስ ከአሥራ አራት መኪኖች አራተኛ ወጣች፤ ጉደርን ስታልፍ አንድ መብራቷ በድንጋይ ተሰብሮ ነበር። በሚያዝያ ቤንዚን ተወዶ፣ አድማ በዝቶ ሳለ ዘጠኝ መኪኖች ብቻ ተሰለፉና አንደኛ ሆነች። ኦቦ ዓብዲሳ ይነዳሉ፣ ቱፋ አጠገባቸው ተቀምጦ የመንገዱን ማስታወሻ ያነባል፣ ነጋሳ መሣሪያውን ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቃል። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ኦቦ ዓብዲሳ የመኪናዋን ታሪክ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ።

ሦስተኛው ውድድር ለኅዳር 1967 መጀመሪያ ተቆረጠ። ከአምቦ ተነስቶ በጊንጪ በኩል ጎጆ ይወጣና ይመለሳል። ነጋሳ ከዚያ በፊት ስለ ውድድር ብዙ ተናግሮ አያውቅም፤ በዚያ ጥቅምት ግን የአገሩ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው እንደሚጠብቁ ደጋግሞ ያወራ ነበር።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የነጋሳ ወንድም ሞተ። ኦቦ ዓብዲሳ ጎማ ሊገዙ አዲስ አበባ ስለነበሩ ፈቃድ የሚሰጠው አልነበረም። ነጋሳ ቱፋን፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፣ ሙከራውን አንተ ንዳ፣ ውሃውን ከሁሉቃ አምጣ ብሎት ወደ ጎጆ ሄደ። ዝናቡ አቁሞ በርሜሉ ደርቋል። መኪናዋ በሙከራ ላይ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ውሃ ትጠጣለች። ቱፋ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሁሉቃ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደከመውና ለዛሬ ብቻ ብሎ ጄሪካኑን ከምንጩ ሞላ። ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ወንዝ አልወረደም። ነጋሳ ተመልሶ ውሃው ከየት እንደነበር ሲጠይቀው፣ ከሁሉቃ ነው አለው። ነጋሳም አመነው፤ ስለዚህ ራዲያተሩን አውርዶ አላየውም።

በውድድሩ ቀን ጊንጪን ሲያልፉ ዱሬቲ ሁለተኛውን መኪና በአራት ደቂቃ ትመራ ነበር። የጎጆ ዳገት ላይ የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። ቱፋ መርፌውን ከኦቦ ዓብዲሳ ቀድሞ አየው፤ ምክንያቱንም ወዲያው አወቀ። የመንገዱን ማስታወሻ ማንበቡን ቀጠለ። ጎጆ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀራት የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ተቃጠለና ሞተሩ ነጭ ጢስ እየተፋ ቆመ። ሌሎቹ መኪኖች አንድ በአንድ አለፏቸው።

ነጋሳ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ኦቦ ዓብዲሳ ራቅ ብለው ከውድድሩ ሰዎች ጋር ይነጋገሩ ነበር። ነጋሳ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ራዲያተሩን ከፈተ፤ ጣቱን አስገብቶ አወጣው። ጣቱ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። ቱፋን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጣቱን በሱሪው ላይ ጠርጎ ክዳኑን መለሰ።

መኪናዋ ተጎትታ አምቦ የገባችው ዓርብ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ኦቦ ዓብዲሳ ራዲያተሩን በር ላይ አስወርደው ራሳቸው ፈተሹት። የጋራዡ በር ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ገብስ የጫኑ የጎጆ ነጋዴዎች በዚያ ሲያልፉ ሁከቱን አይተው ቆሙ። ኦቦ ዓብዲሳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ውሃው የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቁ። ነጋሳ የእኔ ነው አለ። ከምንጩ ነው የቀዳኸው ሲሉት፣ ወደ ቱፋ ዞሮ ጠበቀ። ኦቦ ዓብዲሳ ከአዲስ አበባ የተመለሱት ከነጋሳ በኋላ ስለነበር፣ ዘጠኝ ቀን እንዳልነበረ ጋራዡ ውስጥ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱ ቢናገር ጓደኛውን ከሰሰ ይባላል፤ መናገር ያለበት ቱፋ ነው። ቱፋ ግን በቤንዚን መፍቻ እያጠበ ነበር። መፍቻው ንጹሕ ነበር። እንደገና አጠበው።

ኦቦ ዓብዲሳ፣ "ውጣ። ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይህ" አሉ።

ነጋሳ ኮቱን ከምስማሩ ላይ አንስቶ በነጋዴዎቹ መካከል አልፎ ሄደ። ኦቦ ዓብዲሳ በሰማያዊው ደብተር ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ ሦስተኛ ውድድር። አልጨረሰችም። ምክንያት፦ የነጋሳ ቸልተኝነት።

ለነጋሳ ታስቦ የነበረው የዋና መካኒክነት ቦታ ለቱፋ ተሰጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወፍጮ ቤቱም ጋራዡም ከኦቦ ዓብዲሳ እጅ ወጡ፤ ቱፋ ግን ከነቦታው ቆየ። በ1970 ብርቅነሽን አገባ። ቤተሰቦቿ ዋና መካኒክ መሆኑን ሰምተው ነው ፈጥነው እሺ ያሉት። ነጋሳ ጎጆ አልተመለሰም፤ ጊንጪ አጠገብ ጭልሞ ጫካ ውስጥ ባለ የእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ገባ፤ ሞተርም ዳግመኛ አልነካም። ቱፋ በ1973 አንድ ጆንያ ስንዴ በጭነት መኪና ላከለት። ጆንያው ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው መኪና ተመለሰ፤ አፉ የተሰፋበት ክር አልተነካም። ከዚያ ወዲህ ቱፋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መኪናው ጊንጪ ላይ ለቁርስ ከቆመ ከመቀመጫው አይነሳም።

በ1981 መጋቢት አስያ የምትባል የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጋራዡ መጣች። የደሴ ልጅ ናት፤ ወደ አምቦ ከተዛወረች ዓመት አልሞላትም። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ የውድድር መኪኖች ትርኢት እንደሚዘጋጅ፣ ዱሬቲም እንደተመረጠች ነገረችውና ቅጽ ሰጠችው። ቅጹ የመኪናዋን የውድድር ታሪክ ይጠይቃል። ቀን፣ መንገድ፣ የተገኘ ደረጃ፣ ያልጨረሰች ከሆነ ምክንያቱ። ከታች የሁለት የቡድኑ አባላት ፊርማ ይፈለጋል። ቱፋ ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያው አውጥቶ አሳያት። ገጾቹን አገላበጠችና ሥራው ቀላል ነው አለች፤ የተጻፈውን መገልበጥ ብቻ።

"ጋሽ ቱፋ፣ ይኼ ነጋሳ የተባለው ሰውዬ ማነው?" አለችው።

"መካኒክ ነበር።"

"ሰነፍ ነበር?"

ቱፋ ደብተሩን ከእጇ ወሰደ። "ቅጹን ተዪልኝ፤ ሐሙስ አመጣዋለሁ" አላት።

ቅጹ ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች ወዲያው ሞላ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል፣ ተነስቶ አንድ መኪና ያያል፣ ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "መኪናዋ በተሞከረችባቸው ቀናት ራዲያተሩ በምንጭ ውሃ ተሞላ። የሞላው ቱፋ ረጋሳ ነው። ነጋሳ በዚያ ጊዜ ለቅሶ ላይ ነበር።" ፈረመ። ቀለሙ ሲደርቅ ነገሩ ያለቀ መሰለውና ቀለል አለው። ብዙም ሳይቆይ በዚህ መቅለል አፈረ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ማንም ሳያየው ነበር የጻፋቸው።

ሁለተኛው ፊርማ ቀርቷል። ኦቦ ዓብዲሳ እንዳይፈርሙ የሚያውቁት ደብተራቸው ውስጥ ያለውን ነው። ቱፋ ረቡዕ ጠዋት ቅጹን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና በአውቶቡስ ሄዶ ጊንጪ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ጭልሞ በእግሩ ሄደ።

ነጋሳ ከመሰንጠቂያው ጀርባ ግንድ ላይ ተቀምጦ የመጋዝ ጥርስ ይሞርድ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል።

"አካም ጅርታ፣ ኦቦ ነጋሳ?" አለ ቱፋ።

ነጋሳ ሞረዱን አላቆመም። "ኦቦ ሆንኩ እንዴ? ድሮ አንተ ረጅሙ ነበር የምትለኝ።"

"ድሮ ልጅ ነበርኩ።"

"ሃያ ስድስት ዓመትህ ነበር።"

ቱፋ ቅጹን አውጥቶ ዘረጋለት። ነጋሳ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ጽሑፍህ አሁንም ያምራል አለው፤ ከዚያ ይህን ማን እንደሚያነበው ጠየቀ። ቱፋ ጽሕፈት ቤቱ እንደሚያነበው፣ አዲስ አበባም እንደሚላክ ነገረው። ነጋሳ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቀው ሰው እንደሌለ ተናገረ።

"ስንዴ የላክህልኝ ጊዜ" አለ፣ "ጆንያውን ከላይም ከሥርም ዳበስኩት። ደብዳቤ ይኖርበታል ብዬ ነው። ስንዴ ብቻ ሆነብኝ። መለስኩት።"

ቱፋ አንገቱን ደፍቶ መሬት ላይ ያለውን የእንጨት ፍቅፋቂ ያይ ነበር። በደልኩህ አለ፤ ድምፁ ስለቀነሰ ነጋሳ ጎንበስ ብሎ ነው የሰማው።

"እሱን አውቃለሁ። ዳገቱ ላይ አውቄዋለሁ፤ አንተም ማወቄን ታውቃለህ" አለ ነጋሳ። "እኔን ያባረሩኝ ግን በወረቀት አይደለም። ቅዳሜ ነው፣ በር ላይ ነው፣ ሰው እያየ ነው። የአገሬ ነጋዴዎች ቆመው ነበር። ወሬው በእነሱ አፍ እናቴ ጋ ገባ። እሷ የዚያኑ ዓመት ሞተች፤ ልጇ የሰው መኪና ያቃጠለ መስሏት ነው የሞተችው።"

ቅጹን በነበረው እጥፋት አጥፎ ሳይፈርም መለሰለት። ቅዳሜ እንደሚመጣ፣ ቱፋ በዚያው በር ላይ፣ ኦቦ ዓብዲሳ ባሉበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከተናገረ በኋላ እንደሚፈርም ነገረው። ካልተናገረ ደግሞ አውቶቡሱን ይዞ ይመለሳል፤ ያኔም የሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ቱፋ ቅጹን ወደ ኪሱ መለሰና፣ "ሰኞ ቢሆንስ?" አለ።

ነጋሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "ሰኞ ገበያ አለ እንዴ?"

ቱፋ እስከ ጊንጪ ድረስ በእግሩ ሲሄድ ያሰበው ስለዚህ ጥያቄ ብቻ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ሰውየው ፊት ቆሞ፣ አሁንም ሰው የማይበዛበት ቀን እየፈለገ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቅጹን ሳይሆን ይቅርታ ይዞ አስያ ጋ ሄደ፤ ሁለተኛው ፊርማ ቅዳሜ እንደሚገኝ ነገራት። እስከ ሰኞ መጠበቅ እችላለሁ አለችው። ከዚያ ኦቦ ዓብዲሳ ቤት ገባ። ሽማግሌው ከቀድሞ ወፍጮ ቤታቸው ጀርባ ባለችው ቤት ደጃፍ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ጋራዡ በር ላይ እንዲገኙለት ለመናቸው። ምክንያቱን ጠየቁት። ስለ ዱሬቲ ነው፣ ነጋሳም ይመጣል አላቸው።

"የትኛው ነጋሳ?" አሉ።

"መካኒክዎ የነበረው። በውሃው ምክንያት ያስወጡት።"

ኦቦ ዓብዲሳ ግንባራቸውን ጨምድደው አሰቡ። "ያ ረጅሙ? ምን አድርጎ ነበር?"

ቱፋ በሕይወቱ ከሰማው ጥያቄ ሁሉ ይህ ከበደው። ቅዳሜ እነግርዎታለሁ ብሎ ወጣ።

ለብርቅነሽ የነገራት ዓርብ ምሳ ላይ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ነገራት፤ ከምንጩ የቀዳውን፣ ከሁሉቃ ነው ብሎ የዋሸውን፣ ያጠበውን መፍቻ። ሲጨርስ ሳህኖቹን ደራረበች፣ ማዕዱን አነሳች፣ ተመልሳ መጥታ ተቀመጠች።

"በየጠዋቱ ወንዝ የምትወርደው ለዚህ ነው?" አለችው።

"ለዚህ ነው።"

"እኔ ደግሞ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ለሰውም ያወራሁት እንደዚያ ነው።" ከዚያ፣ "ልጆቹ ቅዳሜ ትምህርት የላቸውም። ይምጡ?" አለች።

ቱፋ እምቢ ማለት ፈልጎ ነበር። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፤ ታናሿ ሰባት። ሁለቱም ትምህርት ቤት ውስጥ አባታችን ዋና መካኒክ ነው ብለው ያወራሉ።

"ይምጡ" አለ።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሁሉቃ ወርዶ ሁለቱን ጄሪካኖች ሞላ። ሲመለስ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ሸራውን ገፈፈና ዱሬቲን ገፍተው በሩ ላይ አቆሟት። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፤ በሯ ላይ ያለው ስም ግን ይነበባል። ሠራተኞቹ ለትርኢቱ ልትሄድ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሱም አላረማቸውም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኦቦ ዓብዲሳ በልጃቸው ተደግፈው መጡና ወንበር ወጣላቸው። ብርቅነሽ ከሁለቱ ልጆች ጋር ከመንገዱ ማዶ ቆመች። የመጀመሪያዎቹ የጎጆ ነጋዴዎች ገብስና ድንች ጭነው ወደ ገበያው ማለፍ ጀምረዋል፤ መኪናዋን ለማየት የሚቆሙም አሉ። ቱፋ እጁን በጨርቅ ጠረገና ጨርቁን አስቀመጠው፤ እንደዚያ ቅዳሜ የሚያጥበው መፍቻ በእጁ አልነበረም።

ነጋሳ የሚመጣበት የጊንጪው አውቶቡስ አምቦ የሚገባው በአራት ሰዓት ነው።